«ቀን ቤት ነሽ አይደል?»

ደብዳቤው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የሰው ጣጣ እያነበብኩ «እኔስ ደህና ነኝ» ስል ከርሜ፣ ይኸው ተራው የኔ ሆነ።

የምንኖረው ስዊድን ነው። ደቡብ በኩል፣ ስሞላንድ ገጠር ውስጥ። ባለቤቴም እኔም ሐበሻ ነን፤ ልጆቻችን እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ድሮ ስቶክሆልም ዳርቻ አፓርታማ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እዚያ ለጠባብ ቤት በምንከፍለው ኪራይ እዚህ የባንክ ዕዳ እየከፈልን፣ ቀይ የእንጨት ቤት፣ ጎተራና ሁለት ሄክታር መሬት አገኘን። መሬት ስልዎት ግማሹ ድንጋይ ነው። የአገሩ ሰው ለዘመናት ድንጋዩን እየለቀመ አጥር ሲሠራበት ኖሯል፤ አሁንም አላለቀም።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልጆቹ በሩን ከፍተው መውጣት ነው። መኪና የለ፣ ሊፍት የለ። ዶሮ ገዛን። ቀጥሎ አራት እናት በጎች መጡ። ድንችና ጎመን ተከልን።

ባለቤቴ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ጠዋት ስደርስ እሱ የመኪና ቁልፉን ይዞ በር ላይ ነው። ከዚያ የ3 ዓመቱን ልጄን ዳጊስ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ አደርሳለሁ። ተመልሼ ዶሮዎቹን እከፍታለሁ፣ ውሃቸውን እቀይራለሁ፣ የተረፈ እንጀራ ካለ እበትንላቸዋለሁ፣ በጎቹን አያለሁ። ክረምት ከሆነ እንጨት አስገብቼ ምድጃውን እለኩሳለሁ። ልተኛ ጋደም ስል ስልኬ ይጮሃል። «ኤሌክትሪሲያኑ ዛሬ ይመጣል፤ ቀን ቤት ነሽ አይደል?» ትንሹ ካተኮሰው ዳጊስ የሚደውለው ለእኔ ነው። የ8 ዓመቷን ልጄን የትምህርት ቤቱ ታክሲ መንገድ ዳር ሲያወርዳት የምቀበላትም እኔ ነኝ፤ ዲሴምበር ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማላ።

ትልቁ 14 ዓመቱ ነው። አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ጓደኞቹ ከተማ ናቸው። የዶሮ ቤት አጽዳ ስለው «ገበሬ ልሁን ብዬ አልጠየቅኩም» ይለኛል። አባቱ ደግሞ በጎቹን ከረዳኸኝ 15 ሲሞላህ ኤፓ የሚሉትን መኪና እገዛልሃለሁ ብሎታል።

ባለቤቴን ሰነፍ ነው ብዬ አላማውም። ቅዳሜና እሁድ አያርፍም። አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ጣራ ላይ ይወጣል። ጎረቤታችን ሽማግሌው በ2005 ጉድሩን የተባለው ማዕበል ደኑን እንዴት እንዳጋደመው አጫውቶት፣ በማግስቱ ጄኔሬተር ገዝቶ መጣ። እውነቱን ነው፤ መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ስለሚቆም ውሃም የለንም። እንግዳ ሲመጣ የሠራውን ሁሉ እያዞረ ያሳያል፣ ሰውም ያደንቃል። እኔ የማሳየው ነገር የለኝም።

አሁን ስድስት እናት በጎች ሊጨምር ነው። ከጎረቤታችን አውራ ተውሶ ኖቬምበር ላይ ሊያስጠቃቸው አስቧል። «አፕሪል ላይ ጎተራው በግልገል ይሞላል» ሲል ዓይኑ ያበራል። እኔ ገና ሳስበው ይደክመኛል። እምቢ ስለው «የሁለታችን ሕልም አልነበር እንዴ?» ይለኛል። ስቶክሆልም የሚሄድበት ቀን አለ። ያን ቀን አራቱንም ሸጬ ልገላገል ይሆን እያልኩ ነው። ብቻ ቤቱም መሬቱም የተመዘገበው በእሱ ስም ስለሆነ፣ ነገር ቢከር ሜዳ ላይ እንዳልቀር እፈራለሁ።

ልሂድ? ልቆይ? ወይስ እንደምንም ልቻለው?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከስሞላንድ

መልስ

እህቴ፣

ከሽያጩ ልጀምር። ተይው። ስዊድን ውስጥ በግ በስውር አይሸጥም። አንድ በግ ብቻ ቢኖርሽ እንኳ ቦታው የግብርና ባለሥልጣኑ ዘንድ ይመዘገባል፣ በጓም ጆሮዋ ላይ ቁጥር ይደረግላታል። ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ሻጭም ገዢም ማስታወቅ አለባቸው። ባልሽ ከስቶክሆልም ሳይመለስ መንግሥት ሊያውቅ ነው ማለት ነው። ደግሞ ተደብቀሽ የሸጥሽ ዕለት ስለ እንቅልፍሽ የሚያወራ አይኖርም። ወሬው ሁሉ ስለ በጎቹ ይሆናል፣ ጥፋተኛዋም አንቺ ትሆኛለሽ።

ሁለተኛ የቤቱ ጉዳይ። ጋብቻችሁ በሕግ የተመዘገበ ከሆነና ንብረት የሚለይ ውል ካልፈረማችሁ፣ በስዊድን ሕግ ፍቺ ቢመጣ ቤቱ በማንም ስም ይሁን ዕዳው ተቀንሶ ለሁለት ነው የሚካፈለው። አብራችሁ የምትኖሩበትን ቤት ያላንቺ ፈቃድ መሸጥም ሆነ በዕዳ ማስያዝ አይችልም። ሳይጋቡ አብሮ መኖር ግን በሌላ ሕግ ነው የሚታየው፤ እንደዚያ ከሆነ ጠበቃ ጠይቂ። ይህን የነገርኩሽ ፍቺ ይታየኛል ብዬ አይደለም። የፈራ ሰው በደንብ አይከራከርም፣ ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አየሁ። አንደኛው ያልቃል። አጥር ታጥሮ ያልቃል፣ ጣራ ተጠግኖ ያልቃል፣ የተፈለጠ እንጨት ተደርድሮ ይታያል። ሌላው አያልቅም። ዶሮዎቹ ነገም መከፈት አለባቸው፣ ውሃቸው ነገም ይቆሽሻል፣ ልጁ ነገም ዳጊስ መሄድ አለበት። ባለቤትሽ የሚያልቀውን ይዟል፣ አንቺ የማያልቀውን። እሱ በእርግጥም ይደክማል። ግን ሲደክመው ሊያርፍበት የሚችል ቅዳሜ አለው፤ አጥሩን ለሚቀጥለው ሳምንት ቢያሳድረው የሚሞት የለም። የዶሮ ውሃ አያድርም። በስዊድን ደንብም ቢሆን እንስሳ ቢያንስ በቀን አንዴ መታየት አለበት። ያ «ቢያንስ አንዴ» የሚባለው ነገር ሙሉ በሙሉ በአንቺ ትከሻ ላይ ነው ያለው።

ከሁሉ ያናደደኝ ያ ስልክ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ቀን ቤት የለችም። ተኝታለች። እስቲ አንቺ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደውለሽ «ሌሊት ቤት ነህ አይደል? ተነስና በጎቹን እያቸው» ብለሽው ታውቂያለሽ? እብድ ነው የሚመስልሽ። እሱ ግን ይህንኑ ነው የሚያደርግብሽ፣ ያውም ሳይታወቀው። ይታወቀው። በዚሁ ቃል ንገሪው፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።

ስለ ስድስቱ በጎች ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ዘንድሮ አይጨመሩም። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ገደማ ነው፣ የባለቤትሽ ስሌት ልክ ነው። ያላሰላው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አፕሪል ላይ አሥር በግ ሲወልድ ሌሊት ጎተራ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት አለበት፣ አለዚያ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። መንታ ወልዳ አንዱን የምትገፋ እናት አትጠፋም፤ የተገፋው በጡጦ ነው የሚያድገው፣ መጀመሪያ አካባቢ በየጥቂት ሰዓቱ። አንቺ ሌሊት ሥራ ላይ ነሽ። ስለዚህ ሌሊቱ የእሱ ነው። ሌሊቱን ጎተራ አድሮ ጠዋት መጋዝ ፊት ሊቆም ነው? ቀንስ ጡጦውን የሚይዘው ማነው? «ቀን ቤት ነሽ አይደል?»

ድርቆሹስ? አንዲት በግ ጎተራ ውስጥ በምትከርምበት ጊዜ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎም ትበላለች። ስድስት ወር ብንል ለአንዷ ሦስት መቶ ኪሎ ገደማ፣ ለአሥሩ ሦስት ቶን ነው። ግማሹ ድንጋይ የሆነ ሁለት ሄክታር በበጋ አሥር በግ ከነግልገሉ አግጦ ለክረምት ያን ያህል ድርቆሽ ይተርፈዋል ብዬ አላምንም። ትገዛላችሁ። የ2018ቱ ድርቅ ጊዜ ስዊድን ውስጥ ድርቆሽ ጠፍቶ፣ የሚመግቡት አጥተው ከብታቸውን ያለጊዜው ያሳረዱ ገበሬዎች ነበሩ። ሽማግሌው ጎረቤታችሁ ጉድሩንን ካወራ ይህንንም ያውራለት።

እንግዲህ ለባለቤትሽ የምታቀርቢው ይህን ነው። አውራው ዘንድሮ አይመጣም። ኖቬምበር እስኪያልፍ የጠዋቱን ሥራ እሱ ይያዘው፦ ዶሮ፣ በግ፣ እንጨት፣ ሁሉንም ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት። አንቺ ልጁን አድርሰሽ በቀጥታ ወደ አልጋ። ጨለማና በረዶ ውስጥ ከሥራ በፊት ተነስቶ አይቶት አሁንም አሥር በግ ካማረው፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተነጋገሩ። ያኔ ስለምን እንደሚያወራ ያውቃል።

ዳጊሱን ነገ ደውይለት። መጀመሪያ የሚደወልበት ቁጥር የአባትየው ይሁን በይ። ልጅ ሲታመም ቤት መቅረት፣ እናንተ «ቫብ» የምትሉት፣ ለወላጅ የተሰጠ መብት ነው፤ ሕጉ እናት አላለም። ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው በዓመት እስከ 120 ቀን ድረስ ነው። ከሥራ ሰዓት ላይ እስከ ሩብ ድረስ መቀነስም ልጁ 8 ዓመት እስኪሞላው ለአባትም ይፈቀዳል። ደሞዝ ይቀንሳል፣ እሱ ሐቅ ነው። ግን የትንሹ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ቀናት ተርፏችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። 4 ዓመት ከሞላው በኋላ ማቆየት የሚቻለው 96 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የተረፈው ይቃጠላል። ልጅሽ 3 ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ቸል አትበሉት። የሚቃጠል ቀን ካለ ባለቤትሽ በሳምንት አንድ ቀን እየቀረ ይጠቀምበት፣ አንቺ ተኚ።

የትልቁን ልጅ ነገር እኔ በልጁ በኩል ነኝ። አልጠየቀም፣ እውነቱን ነው። ስለ ኤፓ ለማያውቅ አንባቢ፦ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የታሰረ መኪና ነው፤ የሞፔድ መንጃ ፈቃድ ያለው የ15 ዓመት ልጅ ሊነዳው ይችላል። የስዊድን ገጠር ጎረምሳ ሌላ ሕልም የለውም። ነገሩ ያስቃል፤ አባት ልጁን ከበጎቹ ጋር ለማሰር ቃል የገባለት ከበጎቹ የሚያመልጥበትን መኪና ነው! ይግዛለት፣ ክፋት የለውም፤ ከ2023 ወዲህ ቀበቶም ግዴታ ሆኗል። ግን በጉልበት ክፍያ አያድርገው። ልጁ አንድ ሥራ ይምረጥና በገንዘብ ይከፈለው፣ ለጎረቤት ልጅ እንደሚከፈለው። እስከዚያው ዓርብ ማታ አንዳችሁ ከተማ አድርሱት። እንዲያ የሚመልስልሽ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ብቸኛ ስለሆነ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ለዶሮዎቹ እንጀራ የምትበትኚውን ለጎረቤት እንዳትነግሪ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከኩሽና የወጣ ትርፍራፊ ለዶሮ መስጠት ክልክል ነው፣ ኩሽናው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የማይገባበት ካልሆነ በቀር። ጾም ላይ ነን ማለት አያስመልጥም። እንደ እውነቱ ግን ብትተይው ይሻላል።

ልሂድ ወይስ ልቆይ ላልሽው፣ ከደብዳቤሽ ቦታውን የጠላች ሴት አላየሁም። በእኔ አስተያየት ቆዪ፣ ግን እንዳሁኑ አይደለም። «እንደምንም ልቻለው» የምትዪውን አልቀበልም። ባለቤትሽ ጠዋቱን አልይዝም ካለ እንስሳቱ ይሂዱ፣ እናንተ ቤቱ ውስጥ ቅሩ። ያለ በግም መኖር ይቻላል። ሣሩን ለጎረቤታችሁ በጎች በበጋ ብትለቁለት መሬቱን ዳዋ አይውጠውም፣ ባለቤትሽም በሰው በግ ዓይኑ ይጠግባል። መነጋገሩ ከከበዳችሁ ደግሞ ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ የቤተሰብ ምክር አገልግሎት ለጠየቀው ሁሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ምስጢር ይጠብቃሉ፣ ለሐበሻ ዘመድም አይደርስም።

ከፈረቃ በወጣሽበት ጠዋት ግን ይህን ወሬ አትጀምሪው፣ ታለቅሻለሽ። የዕረፍት ሌሊቶችሽን ጠብቂ፣ በደንብ ተኚ። እሁድ ከሰዓት ልጆቹ ውጭ ሲሆኑ ቡና አቅርቢና ተቀመጡ። አውራውን ሄዶ ከመዋሱ በፊት ይሁን። ያለውን ጻፊልኝ።