ለማስለቀቂያ በተበደርነው ብር መሬታችን ሊወሰድ ነው

ከቡሬ ዙሪያ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታኅሣሥ 2017 ላይ ታናሽ ወንድሟን ከገበያ ሲመለስ አገቱት፣ 600 ሺህ ብር ብለው ጀመሩ፣ በስልክ ተለምነው ተለምነው 250 ላይ ቆሙ። አባትየው ሁለቱን በሬ ሸጠው 100 ሺህ ሞሉ፣ የቀረውን 150 ከአንድ እህል ነጋዴ ተበደሩ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን 240 ሺህ ነው፣ "በዓመቱ ካልከፈልኩ መሬቱ የእሱ ይሁን" የሚልም አለበት፣ የመሬት ደብተሩንም ይዞታል። ልጁ ወጣ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ነጋዴው ላርስ ነው ብሎ መጣ።

መሬቱን እንዳትለቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ስለዚህ "የእሱ ይሁን" የምትለዋ ቃል መቶ ምስክር ቢፈርምባት ሽያጭ ናት፣ አትጸናም። ደግሞ ደብተሩ ላይ የእናትሽም ስም አለ አይደል? እሷ ሳትፈርም፣ ወረዳ መሬት ጽህፈት ቤት ሳይመዘገብ፣ ማታ ቤት ውስጥ የተጻፈ ወረቀት ነው እኮ። ደብተር በሳጥን ስላስቀመጠ ባለመሬት አይሆንም። አንቺ ግን ዛሬ ነገ ሳትይ ጽህፈት ቤቱ ሄደሽ ደብተሩ እሱ እጅ እንዳለ በጽሑፍ አሳውቂ።

ብሩን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ 150ው ዕዳ ነው፣ ይከፈላል። ዘጠናው ሺህ ነው ጉዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፣ በ150 ሺህ ላይ ቢበዛ በዓመት 18 ሺህ መሆኑ ነው፣ ከዛ ያለፈው አራጣ ነው፣ አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስጠይቃል። አጋቾቹ ጫካ ገብተው፣ መሳሪያ ይዘው 250 ወሰዱ፣ ይሄኛው ሱቁ ቁጭ ብሎ 90 ሊበላ!

ወረቀቱ 240 እያለ 150 መሆኑን በምን እናስረዳ ላልሽው፣ ብሩ በባንክ ነው የገባልን ብለሻል፣ እሱ ነው ትልቁ ማስረጃ፣ ስቴትመንቱን አውጪ። ውሉ እንዲፈርስም መጠየቅ ይቻላል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1710 የሰውን ችግር ተጠቅሞ የተገባ ውል ሊፈርስ ይችላል ይላል፣ ልጁን አግተው እያለቀሰ ስልክ ካስደወሉበት አባት የበለጠ ችግረኛ ከየት ይመጣል። ግን ጊዜው ውሉ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 2019፣ ያውም የኛ አካባቢ ፍርድ ቤት አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ስለሚዘጋ የመጨረሻውን ወር አትጠብቂ። እስከዛ ከዕዳው ላይ የምትከፍሉት ካለ ሳታስፈርሙ ሳንቲም እንዳትሰጡ፣ ከ500 ብር በላይ ብድርም ሆነ የብድር ክፍያ በወሬ አይረጋገጥም።

"ለታጣቂ ብር ሰጥታችኋል ተብላችሁ ትታሰራላችሁ" ያላችሁ ሰው ዝም ሊያሰኛችሁ ነው። የልጅን ነፍስ ለማትረፍ የተከፈለ ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75፣ አስገዳጅ ሁኔታ የሚባለው፣ ለዚህ ነው የተጻፈው። ይልቅ እገታውን ለፖሊስ አመልክቱ፣ የደወሉበትን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ስጡ። በሽምግልና ይለቅ ለሚሉትም የብድሩን ሽማግሌ ይየው ምንም አይደል፣ እገታው ግን በሽማግሌ ይቅር የሚባል ጉዳይ አይደለም።

አጋቾቹ በቆሎውን ስንት ኩንታል በስንት እንደሸጣችሁ ሳይቀር ነገሯችሁ፣ ይሄ ያልሽው ነገር ከሁሉ በላይ አሳሰበኝ። ከ2015 ክረምት ወዲህ የማያቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፣ ሕግ የሚያስከብር ከቀበሌው ሲርቅ፣ ሥራ የሌለው ወጣት መሳሪያ ሲይዝ፣ አዝመራ ተሸጦ ብር ቤት መግባቱን የሚያውቅ ጠቋሚ ከዛው ከመንደሩ ይገኛል። ጠቋሚው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 37 እንደ አባሪ ይጠየቃል። ጎረቤታችን ነው ብለሽ የጠረጠርሽውን ሰው ግን በእድር ላይ ስሙን እንዳታነሺ፣ ማስረጃ ከሌለሽ ስም ማጥፋት ሆኖ አንቺው ትከሰሻለሽ፣ ከዛም አልፎ በኛ አገር ደም ሊያቃባ ይችላል። ለመርማሪው ብቻ ንገሪ።

በሬ ስለሌለ መሬቱን ለእኩል አራሽ ልንሰጥ ነው ላልሽው ስጡ፣ ጦም አይደር፣ ብቻ ውሉ በጽሑፍ ይሁንና እናትና አባትሽ ሁለቱም ይፈርሙ። የነጋዴውን ወረቀት ደግሞ ኮፒ ካላችሁ በጀርባው በኩል ጭምር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ምስክር ሆነው የፈረሙት እነማን እንደሆኑ፣ በተለይ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።