ሽንቴ ቀጠነ፤ ካንሰር ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 66 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ሌሊት አራቴ አምስቴ ለሽንት እነሳለሁ። ሽንቴ ቀጥኗል፤ ጨርሼም ያልጨረስኩ ይመስለኛል። በቀደም ጉንፋን ይዞኝ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቼ ብውጥ ሽንቴ ጭራሽ እምቢ አለ። እስኪነጋ ስቃይ ላይ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ያረፈው በፕሮስቴት ካንሰር ነው። የኔም እሱ ነው ብዬ ፈርቻለሁ፤ ለልጆቼ አልተናገርኩም።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን የከበበ እጢ ነው። በዕድሜ ይተልቃል፤ ሲተልቅ ቧንቧውን ይጫነዋል። በ50ዎቹ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል፤ 80 ካለፉት ደግሞ አብዛኞቹ ላይ። ይህ መተለቅ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

የኪኒኑ ነገር ግን አሳስቦኛል። አፍንጫ የሚከፍቱ እንደ ፕሱዶኤፌድሪን ያሉ መድኃኒቶች የፊኛውን አንገት ያጠብቃሉ። ከእንግዲህ ፋርማሲ ሲገቡ "ሽንት ያስቸግረኛል" ብለው ይናገሩ። እንደዚያ ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ በቱቦ ይወጣልዎታል። የታፈነ ሽንት ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል።

ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከቧንቧው ራቅ ካለው የእጢው ክፍል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። የሽንት መቅጠን ካንሰር ነው አያሰኝም፤ ሽንቱ ደህና የሆነ ሰውም ነፃ ነኝ ማለት አይችልም። ወንድም የታመመበት ሰው ስጋቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ሐኪሙ ጋ ሲገቡ መጀመሪያ ይህንን ይንገሩ።

የሽንትና የስኳር ምርመራ ይደረግልዎታል፤ ስኳርም ሌሊት ያስነሳል። ከፕሮስቴት የሚወጣ ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ፣ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራም አለ። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ይዳስሳል። ብዙ አባቶች የሚሸሹት ይህንን ነው፤ እባክዎ እርስዎ አይሽሹት፣ ከደቂቃ አያልፍም። ፒኤስኤው ከፍ ቢል ተስፋ አይቁረጡ። የእጢው መተለቅ ራሱ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሰሞኑን የገባ ቱቦ ከፍ ያደርገዋል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ከእጢው በሚወሰድ ናሙና ነው።

መተለቅ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በኪኒን ይሻለዋል። ታምሱሎሲን የሚባለው ችግሩን በቀናት ውስጥ ያቀልላል፤ ግን ሲነሱ ሊያዞር ስለሚችል ቤተ ክርስቲያን ሰግደው ሲነሱ ቀስ ይበሉ። የዓይን ሞራ ሊያስወጡ ከሆነም ለዓይን ሐኪሙ መውሰድዎን ይንገሩ። ፊናስቴራይድ እጢውን ያሳንሳል፤ ወራት ይፈልጋል። የፒኤስኤውን ቁጥርም በግማሽ ገደማ ስለሚያወርደው፣ እሱን እየወሰዱ ከተመረመሩ ሐኪሙ ይወቅ።

እስከዚያው ማታ ማታ ቡናና ጠላ ይቀንሱ። ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለልጆችዎም ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ አንዳቸው አብረዎት ይሂዱ። የአጎታቸውን ሕመም ወንዶቹ ለራሳቸውም ማወቅ አለባቸው።