የእብነ በረድ ጭቃና የከሰል አመድ ለብሎኬት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ከሁለት ልጆች ጋር ብሎኬት አመርታለሁ። ጎረቤቴ እብነ በረድ ቆራጭ ነጭ ጭቃውን በነፃ ውሰጂልኝ ይለኛል። አንድ ፋብሪካ ደግሞ የድንጋይ ከሰል አመድ በአይሱዙ ሊያራግፍልኝ ፈቅዷል። ሲሚንቶ ብቀንስ ለአየሩም ይበጃል ብለውኛል። ምን ያህል ልቀንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አቦ መጀመሪያ የሲሚንቶውን ከረጢት አንብቢ! ፒፒሲ (ድብልቁ ሲሚንቶ) ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ክሊንከሩን፣ ማለትም ተቃጥሎ የሚፈጨውን የሲሚንቶ ዋና ክፍል፣ ቀንሶ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭቶ ጨምሮበታል። «ሲኢኤም 2/ቢ-ፒ» ከሚለው ውስጥ ከ21 እስከ 35 በመቶው እንዲህ ያለ ነው። አንቺ በላዩ አመድ ስትጨምሪ የቀጠነ ወተት ላይ ውሃ መድገም ይሆንብሻል። አመዱን ለኦፒሲ፣ እንዲህ ላልተደባለቀው መደበኛ ሲሚንቶ፣ አቆዪው።

ሁለቱ ተረፈ ምርቶች ደግሞ አንድ አይደሉም። የእብነ በረዱ ጭቃ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ቀዳዳ ይሞላል እንጂ እንደ ሲሚንቶ አያያይዝም። አድርቀሽ፣ ነፍተሽ፣ ከአሸዋው ላይ ጥቂት ተኪበት። አፍንጫሽን ሸፍኚ። ካርቦን ግን አይቀንስልሽም፤ ትርፉ ቦይ ውስጥ አለመደፋቱ ነው።

አመዱ ይለያል። ክሊንከር የሚቃጠለው 1450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ የሚበልጠው ደግሞ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ስለዚህ ክሊንከር ሲቀነስ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ደቃቅ አመድ፣ ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ከሚለቀው ኖራ ጋር ተያይዞ ይጠነክራል፤ ግን ቀስ ብሎ። በጣትሽ እሺው፦ እንደ ዱቄት ከለሰለሰና ግራጫ ከሆነ ደህና፤ ጥቁር ከሰል ከቀረበት ውሃውን ይጠጣብሻል። ከምድጃ ሥር የተጠረገ ክትክት ከሆነ ደግሞ ቦታው ከጠጠሩ ጋር ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ገንደ ቆሬ ለአንድ አጥር ሦስት መቶ ብሎኬት በአመድ ሠርቼ ጠዋት ከፎርማ አወጣሁ። ከሰዓት ጠርዙን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ቆሎ ረገፈ። አመዱን ረገምኩት፤ ሠራተኛውንም ተቆጣሁ፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። የድሬ ፀሐይ ውሃውን መጥጦት ነበር። እንዲህ ያለው ብሎኬት ዳስ ሥር ሆኖ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ሁለት ሳምንት ይጠጣ።

አንቺ በትንሹ ጀምሪ፦ በኦፒሲ ስድስት ብሎኬት ያለ አመድ፣ ስድስት ደግሞ ከአምስት ጣሳ ሲሚንቶ አንዱን በአመድ ተክተሽ። በ7ኛው ቀን የአመዱ ቢደክም አትደንግጪ። በ28ኛው ቀን ሁለቱንም ላብራቶሪ አስጨምቂያቸው። ውጤቱ ሳይመጣ ለቤት ግድግዳ አትሽጪ፤ ለአጥርም ቢሆን ለገዢው ንገሪው።