የሙት መንፈስ አለበት የተባለ ቤት መጎብኘት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የዊንቸስተርን ቤት ጎብኝቼ ነበር። በዊንቸስተር ጠመንጃ የተገደሉ ሰዎች መንፈስ እዚያ ይዞራል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እፈራለሁ። የሞተ ሰው ነፍስ ቤት ውስጥ ይቀራል? መሄዴስ ኃጢአት ነው? ባልደረቦቼ ደግሞ ለሃሎዊን ሰሞን የማታ ጉብኝት ትኬት ሊቆርጡ ነው።

መልስ፦ እኅቴ፣ የሞተ ሰው ነፍስ ቤት ውስጥ አይቀርም። ግን መጀመሪያ ስለ ቤቱ ባለቤት ስለነበረችው ሴትዮ ትንሽ እንነጋገር፤ ብዙ ታምታለችና።

ሣራ ዊንቸስተር በ1866 እ.ኤ.አ. አንዲት ልጇን በተወለደች በሳምንታት ዕድሜ አጣቻት። በ1881 ባሏ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ከባሏ ቤተሰብ የጠመንጃ ፋብሪካ ትልቅ ሀብት ወረሰች። በ1886 ሳን ሆዜ ላይ የእርሻ ቤት ገዝታ ለብዙ ዓመታት ስታስፋፋው ኖረች፤ በ1922 ሞተች። ዛሬ 160 ያህል ክፍልና 10,000 ያህል መስኮት አለው።

አፈ ታሪኩ “መናፍስት ጠሪ ‘ግንባታው ከቆመ ትሞቻለሽ’ ብሏት ነው” ይላል። የሕይወቷን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ግን ለዚህ ማስረጃ አላገኙም። ደረጃዎቹ እንዲያ ዝቅ ዝቅ ያሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት ነው። ወደ ባዶ አየር የሚከፈተው በርም ቢሆን መናፍስትን ለማሳሳት የተሠራ አይደለም። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ፎቁ ሲፈርስ ብዙውን መልሳ አልሠራችውም። ጋዜጦች ገና በሕይወት ሳለች ያወሩባት ነበር። ከሞተች ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ቤቱ ለጎብኚ ተከፈተ። በባሏ ስም ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል ማሠራቷ ግን እንደ መንፈሱ ወሬ ትኬት አያሸጥም!

አሁን ወደ ነፍስ ነገር። ሉቃስ ምዕራፍ 16ን አንብቢ። ባለጠጋው በሲኦል ሆኖ ምን ለመነ? አልዓዛር ወደ አባቱ ቤት ሄዶ ወንድሞቹን እንዲያስጠነቅቅ። የለመነው እኮ ሙት ወደ ቤት እንዲመጣ ነው። አብርሃም እንቢ አለው፤ ሙሴና ነቢያት አሉላቸው፣ እነርሱን ይስሙ አለ። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ማረፊያዋ ወይ ገነት ወይ ሲኦል ነው። ኮሪደር ለኮሪደር የምትንከራተት ነፍስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለችም። “ሙሴ በደብረ ታቦር ተገልጦ የለም ወይ?” ትዪኝ ይሆናል። ተገልጧል፤ ጌታ ፈቅዶ፣ ለምሥጢር።

ታዲያ ሰው የሚሰማው ኮቴ ምንድን ነው? የድሮ የእንጨት ቤት ሌሊት ይንጫጫል። ፍርሃትም ዓይን ያታልላል፤ ሐዋርያት በባሕር ላይ ጌታን ራሱን ምትሐት መስሏቸው ጮኸዋል። አጋንንት የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፣ የሞተ ሰው መስለውም ያስታሉ። ለዚህ ነው ዘዳግም 18 ሙታን ሳቢን አጥብቆ የከለከለው። ሳኦል የሞተውን ሳሙኤልን ሊያስጠራ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ፤ በማግሥቱ ከልጆቹ ጋር በጊልቦዓ ወደቀ። ለሙታን እኛ ጸሎተ ፍትሐት አለን፣ ተዝካር አለን። ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን እንለምናለን እንጂ እነርሱን ጠርተን አናነጋግርም።

ስለዚህ ቀን ገብተሽ የእንጨቱንና የመስታወቱን ጥበብ ማየትሽ ኃጢአት አይደለም። የማታው ግን ይቅርብሽ። የሰው ሞትና ሐዘን መዝናኛ ሲሆን ደስ አይልም፤ አንቺ ደግሞ አሁንም እየፈራሽ ነው። ከዚያ ቡድን አንዱ “እስኪ መንፈስ እንጥራ” ካለ፣ ለቀልድም ቢሆን ተነሥተሽ ውጪ።

ማታ መዝሙር 90ን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ጸበል ካለሽ ጠጪ፣ ቤትሽንም ርጪ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ሐኪም ማየትም ነውር የለውም።