ረግረጉን ለልጆች እንዴት እናስተምር? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ መምህራንና ወላጆች የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ረግረግ ናቸው። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት እዚያ ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል መሰለኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ። ቦዬ የሚባለው ረግረግ ወስጄ ላሳያቸው ብል የትራንስፖርት ብር የለም፤ ዳይሬክተሩም እሺ አይልም። ሥዕል እያሳዩ ማስተማር ደግሞ ሰለቸኝ።

መልስ፦ ቦዬን ለጊዜው ይርሱት። ጅማ ውስጥ ውሃ የማይቆምበት ሰፈር ማግኘት ነው የሚከብደው። ከአጥሩ ጀርባ ሣር የበቀለባት ቦይ ወይም ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ጨፌ ትበቃለች። ልጆቹን ወደ ውሃው መውሰድ ካልተቻለ ውሃውን ወደ ልጆቹ ማምጣት ነው። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ረጅም እንጨት ላይ አስረው ከሣሩ ሥር ቀስ ብለው ይቅዱ። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ይገልብጡት። ነጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ቀለም ያለው ሳህን ላይ ግማሹ ነገር አይታይም።

ከዚያ ምንም አያስረዱ። መጀመሪያ «ቲቸር፣ ምንም የለውም እኮ» ይላሉ። ጭቃው ሲረጋ አንዱ «ኧረ ይንቀሳቀሳል!» ብሎ ይጮሃል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል። የተለመደችው የቢምቢ እጭ ግን መተንፈሻዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ስለ ወባ ከፖስተር የበለጠ ያውቃል።

ዕድል ከቀናዎት ሳህኑ ሥር ተለጥፎ አድብቶ የሚጠብቅ ቡናማ፣ ባለ ስድስት እግር ፍጥረት ያገኛሉ። ውሃ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር የምታንዣብበው የባለ አራት ክንፏ ነፍሳት እጭ ነው። የታችኛው ከንፈሩ ከአገጩ ሥር ታጥፎ ይቀመጣል። የትንኝ እጭ ሲጠጋው ያንን ከንፈር ወርውሮ ይለቅመዋል። ልጆቹ ይህን ካዩ የምግብ ሰንሰለትን ሰሌዳ ላይ በቀስት መሳል አይጠበቅብዎትም። «እሱንስ ማን ይበላዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ እንቁራሪትና ሽመላ ራሳቸው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ረግረግ ሊወስዳቸው ነው። ወባና ቢልሃርዚያ ያለበት ቦታ ነው ይባላል። ልከልክላት?

መልስ፦ ስጋትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ከመከልከልዎ በፊት ግን መምህሩን ያነጋግሩ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ረግረግ ዳር መቆም ያን ያህል አያሰጋም። ቢልሃርዚያ ግን ሌላ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኝና በቆዳ በኩል ሰርስሮ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወደ እኩለ ቀን ላይ ነው።

እንግዲህ መምህሩን «በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት? ውሃውን የሚቀዳው ማነው?» ብለው ይጠይቁት። የሚቀዳው ቦቲ የተጫማና ጓንት ያደረገ ትልቅ ሰው ብቻ መሆን አለበት። ልጆች ሳህን ላይ ያያሉ፣ በእንጨት ይነካካሉ፣ በቃ። የሚሄዱት ቦዬ ከሆነ ደግሞ ጉማሬ የሚኖርበት ውሃ ነውና ዳሩ ድረስ መጠጋት የለም። ይህን ያላሰበ አስተማሪ ከሆነ እኔም ልጄን አልልክም።

ጥያቄ፦ «ረግረግ ቆፍሮ ጡብ የሚሠራ ሰው ተፈጥሮን ያጠፋል» ብዬ ሳስተምር አንዱ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ኋላ ስሰማ አባቱ ጡብ ሠሪ ነው። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በእኔ እምነት ረግረግን በማስተማር ውስጥ ከባዱ ክፍል ይኸው ነው። መጻሕፍቱ ረግረግን ሰው የሌለበት ቦታ አድርገው ይስሉታል። የጅማ ረግረግ ግን ሰው የሚበላበት ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ቀጤማ ይታጨድበታል፣ ዳር ዳሩ ይታረሳል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ሸክላ ይወጣበታል። ቤታችን የተሠራበት ጡብ ከየት መጣ ሊባል ነው? ያ ልጅ የሚለብሰው ዩኒፎርምም የተገዛው በዚያው ጡብ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከፍርድ ይልቅ ሽምግልና ያስቀምጧቸው። አንዱ ጡብ ሠሪ ይሁን፣ አንዱ እረኛ፣ አንዷ ቀጤማ ሻጭ፣ አንዷ እንቁራሪት። (እንቁራሪት የምትሆነው ልጅ ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ትናገራለች፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።) ሽማግሌዎቹ የሁሉንም ሰምተው ያስታርቁ። የጡብ ሠሪውን ልጅ ጡብ ሠሪ አያድርጉት፤ ሽማግሌ ያድርጉት።

እውነታውንም አይደብቁ። ሸክላ የወጣበት ጉድጓድ ዝናብ ሲያቁር ለወባ ትንኝ ምቹ ነው። በውስጡ ትንኝ የሚበሉት ነፍሳት ገና ስላልሰፈሩበት እጩ እንደ ልብ ይፈለፈላል። ሳህን ላይ ያዩት ልጆች ይህን በደንብ ይረዱታል። ሽምግልናው «ጉድጓዱ ይደፈን» ወይም «ሸክላው ከአንድ ወገን ብቻ ይውጣ» ብሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ባይስማሙም ችግር የለም። ትልልቆቹስ መቼ ተስማሙ?

ጥያቄ፦ ረግረግ ውሃ እንደሚይዝ ለማሳየት የስፖንጅ ሙከራ ሠራሁ። ውሃው ስፖንጁን አልፎ ሄደ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

መልስ፦ ስፖንጁ ደረቅ ነበር። ደረቅ ስፖንጅ መጀመሪያ ላይ ውሃ አያስገባም። ነክረው ይጭመቁትና እንደገና ይሞክሩ። ከተቻለ ደግሞ ከነአፈሩ የተነቀለ ሣር ይጨምሩበትና ከላይ የደፈረሰ ውሃ ያፍስሱ። ከታች የሚወጣው ቀስ ይላል፣ ጠራም ይላል። ግን «ንጹሕ ሆነ» እንዳይሉ፤ ጭቃው ቀረ እንጂ ተሕዋስያኑ አልቀሩም። ሊጠጣ የሚቃጣው ልጅ አይጠፋም።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ካርታ ያውጡላቸው። የጅማ ውሃ ወደ ጊልገል ጊቤ ወንዝ ይሄዳል፤ እዚያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። ረግረጉ ያልያዘው ጭቃ የሚተኛው ግድቡ ውስጥ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ቢያስተምሩት የበለጠ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ማየት የሚሻለው?

መልስ፦ ጥቅምትና ኅዳር። ዝናቡ ቀንሷል፣ ውሃው ግን አልሸሸም። ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችም ያኔ አሉ። ጭንቅላቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋችውን ባለ ረጅም እግር ወፍ ካዩ ልጆቹ ሌላውን ሁሉ ይረሱታል፤ እሷ ግን የዚሁ አገር ነዋሪ ናት። ቀን መርጦ ማክበር ለሚፈልግ ክበብ፣ የዓለም የረግረግ ቀን ጥር 25 አካባቢ ይውላል።

ጥያቄ፦ የቀዳነውን ውሃ ክፍል ውስጥ ማቆየት እንችላለን?

መልስ፦ ለጥቂት ቀን፣ የዕቃውን አፍ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ አስራችሁ። አለዚያ እጩ ትንኝ ሆኖ ተማሪዎቻችሁን ይነክሳል። ሲጨርሱ ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት። እንቁራሪት ከገባ ግን በዚያው ቀን ወደ ቦታው ይመለስ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ጥግ ላይ ጨቀጨቅ የሚል ቦታ አለ። ዳይሬክተሩ ባሕር ዛፍ ተክለን እናድርቀውና ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይሁን ይላሉ። እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ ባሕር ዛፍ ውሃ መምጠጡ እውነት ነው፤ ያደርቀዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የእርስዎ ተማሪዎች ጨርሰው ይሄዳሉ። ቀጤማ ይተክሉበት። በየዓውደ ዓመቱ ዋዜማ ታጭዶ ይሸጣል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለዳይሬክተሩ ስለ ሥነ ምኅዳር አይንገሯቸው። የመጀመሪያውን ሽያጭ ብር ቆጥረው ያስረክቧቸው።