የዓመቱን ፊልሞች በደረጃ መደርደር፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ዓመቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ "ዘንድሮ ካየኋቸው ፊልሞች አንደኛ የቱን ልበል?" የሚሉ ደብዳቤዎች ይበዙልናል። በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱንን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። የትኛው ፊልም ይበልጣል የሚለውን መወሰን የተመልካቹ ድርሻ ነው። እኛ የምናግዘው ፍርዱ እንዳይዛባ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚዛባው ጳጉሜ ላይ ዝርዝሩ ሲጻፍ አይደለም፤ ፊልሙ ባለቀበት ሌሊት አንዲት መስመር ሳይጻፍ ሲታደር ነው።

የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ነው፤ የፊልሞቹ ቀን ግን በፈረንጅ ይቆጠራል። አንድ ፊልም የየትኛው ዓመት እንደሆነ በምን ልወስን? (ከፒያሳ)

አንድ ደንብ ይምረጡ፣ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይንኩት። እኛ የምንመክረው ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ለተመልካች የቀረበበትን ቀን መያዝ ነው፤ በሲኒማም ይሁን በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት።

የፌስቲቫል ወይም የሽልማት ቀን ከተያዘ ምን እንደሚፈጠር በጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" ላይ ይታያል። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 ነው። ይህ በእኛ ጳጉሜ 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ሲወስድ ግን የካቲት 2001 ዓ.ም. ደርሷል። በቬኒስ የቆጠረ ሰው 2000 ላይ ያስገባዋል፣ በዋጋዱጉ የቆጠረ 2001 ላይ። የቬኒሱ መዝጊያ አምስት ቀን ብቻ ቢዘገይ ኖሮ የመጀመሪያውም ቆጠራ ወደ 2001 ይገባ ነበር። ፊልሙ ያው አንድ ፊልም ነው።

በይፋ ሳይቀርብ በፍላሽ ብቻ እጅዎ ለገባ ፊልም ደግሞ ገደብ ያብጁ። በዓለም ላይ ከወጣ 18 ወር ካላለፈው ከዘንድሮዎቹ ጋር ይቁጠሩት። ያለፈው ከሆነ "ዘግይተው የደረሱ" በሚል ሌላ ገጽ ላይ ያስፍሩት። ዝርዝሩን ነሐሴ 30 ላይ ይዝጉት፤ የጳጉሜን ቀናት ለመደርደር ብቻ ይተዉአቸው።

ዘንድሮ 40 ያህል ፊልም አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ሰጥቼ ነበር፤ አሁን ሳየው ግን 17ቱ 8 አግኝተዋል። ከእነሱ ውስጥ እንዴት ላስቀድም? (ከማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ይህ ነጥብ በሚሰጥ ሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ነው። ወደን ያየነውን ፊልም ከ7 በታች ማድረግ ያሳሳናል፣ 10 መስጠት ደግሞ ያስፈራናል፤ ስለዚህ ሁሉም 7 እና 8 ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ ጥቅምት ላይ የሰጡት 8 እና ሰኔ ላይ የሰጡት 8 አንድ አይደሉም፤ በመካከሉ ያዩዋቸው ፊልሞች መለኪያዎን ቀይረውታል። ነጥቡን ይተዉትና ፊልሞቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ያፋጥጧቸው።

የእያንዳንዱን ፊልም ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። መጀመሪያ ብዙ ሳያስቡ በሦስት ክምር ይለዩ፦ የወደድኩት፣ ደህና ነው የምለው፣ የማልመለስበት። ደረጃ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ክምር ብቻ ነው፤ 15 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለቀሩት ደረጃ ማውጣት ድካም ነው፤ በ23ኛና በ24ኛ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም እውነቱን አይናገርም።

ከዚያ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርገው የበለጠውን ከላይ፣ ያነሰውን ከታች ያስቀምጡ። ሦስተኛው ሲመጣ ከአንዱ ጋር ያስተያዩትና ቦታውን ይፈልጉለት። ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ አዲሱን ወረቀት ሁልጊዜ መሐል ላይ ካለው ጋር ያወዳድሩ። ከበለጠው ወደ ላይኛው ግማሽ፣ ካነሰው ወደ ታችኛው ይውሰዱት፣ እዚያም እንደገና ከመሐሉ ጋር ያስተያዩት። በዚህ መንገድ 15 ፊልም ቢበዛ በ45 ንጽጽር ይደረደራል፤ የአንድ ማታ ሥራ ነው። አርባውንም እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ላነጻጽር ቢሉ ግን 780 ንጽጽር ይጠብቅዎታል፣ ግማሹ ላይ ሳይደርሱም ይሰለቻሉ።

ዋናው ነገር ሁለት ወረቀት ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው "የቱን ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ?" ይላል። ይህ ጥያቄ ለሚያስቁና ለቀለሉ ፊልሞች ያደላል፤ ልብ የሚያደማ ፊልም ዳግም ለማየት አቅም ይጠይቃልና። እኛ የሚሻል ብለን የምናቀርበው "ከሁለቱ አንዱ ጨርሶ ባይሠራ ኖሮ የቱ ይጎድለኝ ነበር?" የሚለውን ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጽጽር ያው ይሁን። ሀ ከለ በልጦ፣ ለ ከሐ በልጦ፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ከሀ ቢበልጥብዎት አይደንግጡ፤ በመሐል ጥያቄዎ ተቀይሯል ማለት ነው። አንዱን በትወናው፣ ሌላውን በታሪኩ፣ ሌላውን በቀረጻው መዝነውታል። ሦስቱን ወረቀቶች አንስተው በዚያችው በአንዲቷ ጥያቄ እንደገና ያስቀምጧቸው።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ሳይበትኑ ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ፣ ከታች ወደ ላይ ይፈትሹ፦ 15ኛውን ከ14ኛው፣ 14ኛውን ከ13ኛው። አብዛኛው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይቀያየራል። ይህን ሲያደርጉ በመጨረሻው ወር ያዩዋቸው ፊልሞች ከላይ ተደርድረው ካገኙ ይጠንቀቁ፤ ትኩስ መሆናቸው አግዟቸዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ካርድ ነው። ፊልሙ ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ብቻ ይጻፉ፦

*ታኅሣሥ 14። ቤት፣ ላፕቶፕ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ትዝ የሚለኝ፦ ሴትዮዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሚፈላውን ሽሮ ሳታወርድ ቆማ የቀረችበት፤ የሽሮው መንተክተክ ብቻ ይሰማል፣ ሙዚቃ የለም። ያልወደድኩት፦ መጨረሻ ላይ ወንድሟ ሁሉንም በቃል ያስረዳል፤ አይተነው ነበር።*

አራት መስመር ናት። "በጣም ያምራል" የሚለው ካርድ ከስምንት ወር በኋላ ምንም አያስታውስም፤ የሽሮው ድምፅ ግን ፊልሙን እንዳለ ይመልሰዋል።

አንዳንዱን ፊልም በሞባይል፣ አንዳንዱን ጓደኛዬ ቤት በትልቅ ቴሌቪዥን አያለሁ። ንግግሩ ሳይሰማኝ ሙዚቃው የሚያደነቁረኝም አለ። የፊልሙ ጥፋት ነው ብዬ ደረጃውን ልቀንስ? (ከአዘዞ)

አይቀንሱ፤ መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። ንግግሩ እየሰለለ ተኩሱና ሙዚቃው የሚያይልበት ዋና ምክንያት ፊልሙ ለስድስት ቻናል ድምፅ የተቀናበረ መሆኑ ነው። የሰዎቹ ንግግር በአብዛኛው በመሐለኛው ስፒከር ይወጣል፤ ቴሌቪዥንዎ ወይም ላፕቶፕዎ ያለው ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ስቴሪዮ ይቀይሩት። በኮምፒውተር ቪ.ኤል.ሲ. በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የሚያዩ ከሆነ "ኮንትሮል" እና "ኢ"ን አብረው ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት "ኮምፕረሰር" የሚለውን ያብሩ፤ ጩኸቱን ዝቅ አድርጎ ሹክሹክታውን ያነሳዋል።

የሰዎቹ ፊት ወደ ጎን ከተለጠጠ ወይም ከቀጠነ የምስሉ ስፋት ተዛብቷል፤ በዚያው ፕሮግራም የ"ኤ" ቁልፍን ደጋግመው በመጫን ያስተካክሉት። ሰብታይትሉ ከንግግሩ ከዘገየ "ጂ"ን፣ ከቀደመ "ኤች"ን ይጫኑ፤ አንዱ ጫና 50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ሰከንድ ለማስተካከል 20 ጊዜ ነው። የአማርኛው ሰብታይትል በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ካሳየ በሰብታይትል ቅንብሩ ውስጥ ፎንቱን የግዕዝ ፊደል ወዳለው፣ ለምሳሌ ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ፣ ይቀይሩ። የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ካሳየ ግን ኢንኮዲንጉን ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ያድርጉት።

አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ ፊልሙ የቤት ውስጥ ቪዲዮ መስሎ፣ እንቅስቃሴው ከልክ በላይ ልስልስ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ቴሌቪዥኑ በመካከሉ ያልተቀረጹ ምስሎችን እየፈጠረ ያስገባል። የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብተው እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ምርጫ ያጥፉት። በዚህ ምክንያት "ቀረጻው ርካሽ ነው" ተብለው የሚጣሉ ፊልሞች ያሳዝኑናል።

ከሲኒማ አዳራሽ በካሜራ የተቀዳ ኮፒ ላይ ግን ደረጃ አይስጡ። ምስሉ ጨልሟል፣ ዳር ዳሩ ተቆርጧል፣ የሌላ ሰው ሳቅ ገብቶበታል። ካርዱ ላይ "አላየሁትም" ብለው ይጻፉና ጥሩው ኮፒ እስኪመጣ ይጠብቁ።

ፊልሙ 125 ደቂቃ ነው ይላል፣ እኔ ጋ ያለው 120 ነው። አምስት ደቂቃ ተቆርጦብኝ ይሆን? (ከአራዳ)

አልተቆረጠም። በሰከንድ 24 ምስል የተሠራው በ25 ሲጫወት ርዝመቱ በ4 በመቶ ያጥራል፤ 125 ደቂቃ ልክ 120 ይሆናል። ልዩነቱ ከ4 በመቶ ከበለጠ ግን የተነሳ ነገር መኖሩን ይጠርጥሩ፣ ካርዱ ላይም ያስፍሩት።

እናቴና እኅቶቼ ትርጉም ፊልም ነው የሚወዱት። እኔም አብሬ አያለሁ። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዝርዝር ላስገባቸው? (ከቀሃ)

ለብቻቸው ቢያሰልፏቸው ይሻላል፤ ከንቀት አይደለም። በትርጉም ፊልም ላይ ሁለት ሥራ ተደራርቧል። ተርጓሚው ሲናገር የተዋናዩ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ዝምታ የነበረበት ቦታ በማብራሪያ ይሞላል፣ አንዳንዱ ትዕይንት ይዘለላል። ያሳቀዎት ቀልድ ጸሐፊው የጻፈው ይሁን ተርጓሚው ያከለው ለማወቅ አይቻልም። ስለዚህ "ትወናው ጎበዝ ነው" ብለው 3ኛ ያደረጉት ፊልም ላይ ያመሰገኑት ሰው ተርጓሚው ሊሆን ይችላል።

ፊልሙን በእውነት ከወደዱት ኦሪጅናሉን ፈልገው አንድ የሚያስታውሱትን የአሥር ደቂቃ ክፍል በሰብታይትል ይዩ። ያው ስሜት ከመጣ ወደ ዋናው ዝርዝር ይግባ። ካልመጣ "የዓመቱ ምርጥ ትርጉሞች" የሚል የራሱ ገጽ ይኑረው፤ በአንድ ድምፅ አያትና ሕፃን፣ ሌባና ፖሊስ ሆኖ ቤት ሙሉ ሰው ማስቀመጥ ትልቅ ሙያ ነውና በስሙ ይመስገን። እናትዎንም ይጠይቁና የእሳቸውን አንደኛ ከጎኑ ይጻፉ።

ከ10ሩ ውስጥ አንድም የአማርኛ ፊልም አልገባልኝም። ነውር አይሆንም? (ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁ)

በአዘኔታ ቦታ አይስጡ፤ ለሠሪዎቹም ክብር አይደለም። ሆኖም ደብተርዎን ገልጠው ይቁጠሩ። ካዩት ውስጥ 36ቱ የውጭ፣ 4ቱ የአማርኛ ከሆኑ ንጽጽሩ ገና ከመነሻው ያጋደለ ነው። የውጭው ፊልም እርስዎ ጋ የሚደርሰው በብዙ ወንፊት አልፎ ነው፤ ደካማው እዚያው አገሩ ቀርቷል። የአማርኛው ግን ጥሩውም ደካማውም ሳይጣራ ነው የሚመጣው። በሚቀጥለው ዓመት በወር አንድ የአማርኛ ፊልም፣ ሲኒማ ያዩ ሰዎችን ጠይቀው አጣርተው ይዩ። አሥራ ሁለት ይሆናል። ከዚያ በኋላም አንድ ካልገባ ዝርዝሩ እንዳለ ይቆይ።

12 ጓደኛሞች ነን፤ ቡና ቤት ተሰብስበን የጋራ ዝርዝር እናወጣለን። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ማንም በጣም ያልወደደው ፊልም ነው። ለምን? (ከፒያሳ)

ምናልባት 1ኛ ለወጣ 10 ነጥብ፣ 10ኛ ለወጣ 1 እየሰጣችሁ ትደምራላችሁ። እንግዲህ አስቡት፦ አንዱን ፊልም ሁላችሁም አይታችሁ ሁላችሁም 6ኛ ብታደርጉት 12 ጊዜ 5፣ 60 ነጥብ ያገኛል። ሌላውን አምስታችሁ ብቻ አይታችሁ አምስታችሁም 1ኛ ብታደርጉት 50 ነው። በብዙ ሰው የታየው አሸነፈ። ድምሩን ላዩት ሰዎች ቁጥር አካፍሉት፤ 5 ለ10 ይሆንና ይገለበጣል። ይህ ብቻውን ግን አንድ ሰው ብቻ ያየውን ፊልም አንደኛ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከእናንተ መካከል ከአራት ያነሰ ሰው ያየው ፊልም አይቆጠር የሚል ደንብ ጨምሩ።

ሌላው መንገድ ኦስካር ለምርጥ ፊልም የሚጠቀምበት ነው። ሁሉም በተራ ይደረድራል፤ በ1ኛነት ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ በ1ኛነት ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ያገኘው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ 2ኛ ምርጫቸው ይሻገራል፣ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ድረስ። ለ12 ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ወረቀቶቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ማንም አንደኛውን ጮክ ብሎ አይናገር። መጀመሪያ የተናገረው ሰው የሦስት አራት ሰው ወረቀት ይቀይራል።

ዝርዝሬን ለሰው ካሳየሁ በኋላ ሐሳቤ ቢቀየርስ? (ከአዘዞ)

አያጥፉት። የቀድሞውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ከጎኑ ያድርጉ፣ ቀኑንና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያክሉ፦ "ጥር 20፣ ከ7 ወደ 2፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው የአባትየው ዝምታ ገባኝ" እንደሚባለው። ለዚህ እንዲመች ዝርዝሩን ሲጽፉ ከእያንዳንዱ ፊልም ሥር ሁለት ባዶ መስመር ይተዉ።