ከዓሣ ሥራ እንጀራ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

ባሕር ዳርም ሁኑ ባቱ፣ ሐዋሳም ሁኑ አርባ ምንጭ፣ በዓሣ ሥራ ራሳችሁን ለመቻል ካሰባችሁ ቀዳሚው ምክሬ ይህ ነው፦ ተበድራችሁ መረብ አትግዙ። ተደራጅቶ ብድር ያገኘ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መረብና ወደ ጀልባ ነው። ሐይቆቻችን ላይ ግን መረብ አልጎደለም። መረቡ በዝቶ ዓሣው ነው ያነሰው። ጣና ላይ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ፣ ጫሞ ላይ ደግሞ ትልቁ ናይል ፐርች እንደ ድሮው አይገኙም። ትንሽ ዓሣ ለማግኘት ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ጀልባ ዕዳ ይከምራል እንጂ ዕዳ አይከፍልም።

የጎደለው ሌላ ነው። መረብ በወጉ የሚጠግን፣ ዓሣ ሳያበላሽ የሚበልት፣ ምርቱን በበረዶ ይዞ ገበያ የሚያደርስ፣ የማኅበሩን ሒሳብ ሳያዛባ የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል። ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ መነሻ ገንዘቡም ቢላዋና የመረብ መርፌ መግዣ ከሆነ ይበቃል።

ከመረብ ጥገና ልጀምር። መረብ በየቀኑ ይቀደዳል፤ ጉቶ ይይዘዋል፣ ድንጋይ ይበላዋል፣ ጫሞ ላይ ደግሞ አዞና ጉማሬ ይጨመሩበታል። ጀማሪ ጠጋኝ ቀዳዳውን አይቶ በክር ይሸበሽበዋል፤ መረቡ በማግስቱ አጠገቡ ይተረተራል። ትክክለኛው መንገድ መረቡን ወጥሮ መስቀልና በመጀመሪያ ቀዳዳውን ጭራሽ ማስፋት ነው። የተጎዳውን ክር በመቀስ ከርክሙት፤ በጠርዙ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት ደኅና እግር፣ ማለትም ከቋጠሮው የሚወጣ ክር፣ እንዲቀረው አድርጉ። ሁለት ቋጠሮዎች ብቻ ሦስት ሦስት እግር ይቀራቸው። አንዱ ከላይ የምትጀምሩበት፣ ሌላው ከታች የምትጨርሱበት ነው። ይህን ካስተካከላችሁ ክሩ ሳይቆረጥ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ካልተስተካከለ መሀል ላይ አንድ ዓይን፣ ማለትም በክሮቹ መካከል ያለ ክፍተት፣ ይተርፋል ወይም ይጎድላል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ይፈታል።

የዓይኑን መጠን በግምት አትሥሩ። ዓይኑ ተወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ እግር 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ቅረጹና በእሱ እየለካችሁ ቋጥሩ። ቋጠሮው ሳይጠብቅ ከቀረ ይንሸራተታል፣ ዓይኑም ይሰፋል፤ ዓሣውም በዚያው ያመልጣል።

አዲስ መረብ ገመድ ላይ ማሰር የሚችል ሰው ደግሞ ከጠጋኙ የበለጠ ይፈለጋል። ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆን መረብ ብዙውን ጊዜ 50 ሜትር ገመድ ላይ ይታሰራል። አንዳንዱ ቁጠባ መስሎት 80 ሜትር ላይ ይዘረጋዋል። ያኔ ዓይኑ ተለጥጦ ይጠብባል፣ መረቡ እንደ አጥር ይደርቃል፣ ዓሣውም ነክቶት ይመለሳል። በጣም የላላ መረብ ደግሞ ዓሣ ይይዛል፤ ግን ይጠላለፋል፣ ዓሣውን ለማውጣትም ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ስለ ዓይን ካነሳሁ አይቀር፦ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ወይም ባለ አንድ ክር ስስ ፕላስቲክ መረብ ያለበት ጀልባ ላይ ሥራ ቢሰጧችሁ አትግቡ። ያ መረብ ያልወለደውን ዓሣ ጠራርጎ ያወጣል። ሲበጠስም ውኃ ውስጥ ሳይበሰብስ ቆይቶ ማንም የማያነሳውን ዓሣ ሲገድል ይኖራል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ ለሚያሰግር ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፤ በፈንጂና በመርዝ ማስገርንም ይከለክላል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተን ከአያት የመጣ ልማድ ቢሆንም መርዝ ነው፤ ከትልቁ ጋር ጫጩቱንም ይጨርሳል። ጣና ዳር ያላችሁ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከገልዳ ወንዝ አፍ ራቁ። ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል የሚወጣው በዚያ ነው፤ አንዷን እናት እዚያ መያዝ የመጪውን ዓመት ምርት መያዝ ነው።

አሁን ወደ ቢላዋው። ቶሎ የሚያስቀጥረው ሙያ ዓሣን ከአጥንቱ መለየት፣ ማለትም ፊሌቶ ማውጣት ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ እጁ የተፍታታ ሰው አንዱን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጨርሶ ሌላውን ሲያነሳ ጀማሪው ገና ከክንፉ እሾህ ጋር ይታገላል። ቢላዋው ቀጭን፣ ትንሽ የሚተጣጠፍ፣ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዓሣውን በጎኑ አስተኝታችሁ ከጎን ክንፉ ጀርባ አግድም እስከ አከርካሪው ቁረጡ፤ ቢላዋው አጥንት ሲነካ አቁሙ። ከዚያ ከራስ ወደ ጅራት በጀርባ እሾሁ አጠገብ እየተንሸራተታችሁ ሥጋውን ከአጥንቱ ግለጡት። ጎድን አጥንቱ ላይ ስትደርሱ ቢላዋውን ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሰድና ሐሞቱን ይወጋል። ሐሞት የነካው ሥጋ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፤ ታጥቦም አይለቅም።

ቆዳውን ለመግፈፍ ጅራቱ በኩል ጣት የሚይዝ ያህል ለቀቅ አድርጋችሁ ቢላዋውን አስተኙት፤ ቢላዋው ይቁም፣ የሚጎተተው ቆዳው ይሁን። በመጨረሻ መሀሉን በጣታችሁ ዳብሱ። የቀረች ትንሽ አጥንት አለች፤ ልጅ ጉሮሮ ላይ የምትሰነቀረው እሷ ናት።

አሠሪ የሚለካችሁ በሚዛን ነው። 10 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ በጥሩ እጅ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ጥሩ ሥጋ ይሰጣል። ከዚያ ብዙ ካነሰ ሥጋው አጥንቱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ልምምዱን በራሳችሁ ገንዘብ በገዛችሁት ጥቂት ዓሣ ጀምሩ፤ በፊትና በኋላ መዝኑ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ወደ ሆቴል ወይም ወደ ማኅበር ስትሄዱ ይህን ቁጥር ተናገሩ፤ ከየትኛውም ማመልከቻ በላይ ይሰማል። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ የጤና ምርመራ ማስረጃ ስለሚጠየቅ እሱንም አስቀድማችሁ አውጡ። የበለታችሁትን ሥጋ በሐይቁ ውኃ አትጠቡ፤ ንጹሕ ሆኖ የወጣውን ሥጋ መልሶ ማቆሸሽ ነው።

በረዶ ላይ ብዙዎች ይሰስታሉ፤ ኪሳራው ደግሞ የሚመጣው ከዚያው ነው። ማታ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ ካልተነሳ ዓሣው ሞቶ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ዓሣ በረዶ አያድነውም። ጀልባ ላይ ቢያንስ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ፀሐይ አትንካው። ለረጅም መንገድ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለ10 ኪሎ ዓሣ 10 ኪሎ የተፈጨ በረዶ። ሣጥኑ ሥር በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ በረዶ እያላችሁ ደርድሩ፤ ሆዱ የተከፈተው ዓሣ ሆዱ ወደ ታች ይሁን፣ ውኃ እንዳይቋጥር። ሣጥኑ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ዓሣው በቀለጠ ደም ውኃ ውስጥ ሲዋኝ አዲስ አበባ ይደርሳል። ገዢ የዓሣውን መተንፈሻ (የስንጥቡን) ቅላት፣ የዓይኑን ጥራትና ሲጫኑት የሚመለስ ሥጋ ያያል። መተንፈሻው ቡናማ ከሆነ ዋጋው እዚያው ይሰበራል።

የሥራ ፍለጋ ጊዜም አለው። ገበያው የሚጦፈው በጾም፣ ይልቁንም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብም የራሳቸው ገበያ አላቸው። ከፋሲካ በኋላ ሥጋ ቤት ሲከፈት የዓሣው ፍላጎት ይወርዳል፤ ያኔ ሥራ ብትጠይቁ የሚሰማችሁ የለም። ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ማራገፊያው ላይ ተገኙ፤ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ሰው ብዙ ነው፤ ሸቀጡን ለማን እንደምታቀርቡ ሳታውቁ አምባዛ በብዛት አትረከቡ።

የኩሬ ዓሣ እርባታ ለሚያስቡ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ጥሩ ያድጋል፣ በደጋ ኩሬ ግን ይንቀረፈፋል። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ከተለቀቀ ያለ ልክ ይራባና ኩሬው በእጅ መዳፍ በማይሞላ ዓሣ ይጨናነቃል። ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት ሰበታ ወይም ባሕር ዳር ያሉትን የምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ጀልባ ላይ ካልወጣን የምትሉም አትጠፉም። መዋኘት የማይችል አይውጣ፤ ሕይወት አድን ጃኬት የሌለበት ጀልባም ላይ አይሳፈር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ቶሎ ይናወጣል፤ የጣና እንኳ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሞተር እምቦጭ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አጥፉት፤ ካልጠፋ አረሙ መዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ ያግመዋል።

ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የወር ደመወዝ አይደለም፣ ድርሻ ነው። ነዳጅና በረዶ መጀመሪያ ይነሳል፤ ከዚያ የጀልባው፣ የመረቡና የሠራተኛው ድርሻ ይከፈላል። ስለዚህ ሳትወጡ ጠይቁ፦ የሚነሳው ወጪ ምን ምን ነው? የጠፋ ወይም የተቀደደ መረብ በማን ሒሳብ ነው? ባዶ በተመለስን ቀን ነዳጁን ማን ይችላል? ለቤት የሚወሰደው ዓሣ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ዓሣው ሲመዘን አጠገቡ ቁሙ፤ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ የተሸጠበትን ዋጋና የተቀነሰውን ወጪ በደብተር ጻፉ፤ ባለ ጀልባውም በየሳምንቱ ይፈርምበት።